ፕሮቲን በሕያው ሕዋስ ውስጥ ዲ ኤን ኤን መያዙ እንዴት ይታወቃል?

(ከይምርሐነ ክርስቶስ ጉዞ መልስ በተማሪዎች ማኅበር የሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዕረፍት ጥቂቶቻችን ከላሊበላ ተነሥተን ይምርሐነ ክርስቶስን ለማየት በእግር እንደ ሄድን ታውቃላችሁ። በዋሻ ውስጥ ስለ ተሠራው ቤተ ክርስቲያን፣ እንጨትና ነጭ ልስን ድንጋይ እየተፈራረቀ ስለ ታነጸው ግድግዳውም የታሪክ ክፍል ጓደኞቻችን ቢናገሩ ይሻላል። እኔ የምናገረው በመንገድ ላይ ስለ ተነሣ ክርክር ነው።

አቀበቱ ላይ እኛ በየሃምሳ እርምጃው ቆመን ስናለከልክ፣ መንገድ ሊያሳየን የመጣው የሰፈሩ ልጅ የሁለታችንን ዕቃ ተሸክሞ እያፏጨ ይሄድ ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ የቆቦ ልጅ ነው፣ «የዚህ ልጅ ደም ከእኛ ደም ይለያል» አለ። ሌላው «ደሙ ሳይሆን ልምዱ ነው» ሲል መለሰለት። ክርክሩ እስከ ማታ ቢቆይም ረቺም ተረቺም አልተገኘም። ማታ በእሳት ዳር ነገሩን ሲሰሙ የቆዩ አንድ አባት፣ «ለመሆኑ ደም የሚወስዱ ሰዎች ወስደው ምን ያደርጉበታል? ወሬውስ ተመልሶ ይመጣል?» ብለው ጠየቁን። ለዚህም የሚመልስ አልነበረም።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህን ክርክር ለመቁረጥ ምን ዓይነት የቤተ ሙከራ ዘዴ እንደሚያስፈልግ፣ የዘዴውም የመጀመሪያ አሥር ደቂቃ ለምን እዚያው ተራራ ላይ መሠራት እንዳለበት ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

አስቀድሜ የታወቀውን ላቅርብ። በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት የሰው ልጅ ጥናት ሊቅና የሥራ ጓደኞቿ፣ ከነዚህም መካከል ኢትዮጵያዊው አምሃ ገብረ መድኅን፣ በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ በምትገኘው በአምባራስ 236 ሰዎችን መርምረው ያገኙትን አሳተሙ። በዚያ ከፍታ አየሩ የሚሰጠው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር ሕዝብ ወይ እንደ ደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ሰዎች ሄሞግሎቢኑ በጣም ይጨምራል፣ ወይ እንደ ቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢኑ እምብዛም ሳይጨምር ደሙ የሚሸከመው ኦክስጅን ዝቅ ይላል ተብሎ ይታወቅ ነበር። የአምባራስ ሰዎች ግን ከሁለቱም አልሆኑም። ሄሞግሎቢናቸው በአማካይ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሲሆን፣ ሄሞግሎቢናቸው ኦክስጅን የያዘው ከመቶ 95.3 ሆኖ ተገኘ። ይህ በባሕር ጠረፍ አካባቢ ከሚኖር ሰው ቁጥር ብዙም አይርቅም። ልብ በሉ፤ ተራራው እንዳለ አለ፣ አየሩም ስስ ነው፣ ደሙ ግን ተራራ ላይ መሆኑን ያልሰማ ይመስላል።

ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት ምክንያቱን በጂን ውስጥ ፈለጉ። በ2012፣ በ2013 እና በ2014 በወጡ ጥናቶች የደጋ ኢትዮጵያውያንን ዲ ኤን ኤ ከሌሎች ሰዎች ጋር እያነጻጸሩ የተጠረጠሩ ጂኖችን ዘረዘሩ። ዝርዝሮቹ እርስ በርሳቸው ብዙ እንደማይስማሙ አልደብቃችሁም። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከ2012ቱ ዝርዝር ኤ አር ኤን ቲ 2 እና ቲ ኤች አር ቢ፣ ከ2013ቱ ቢ ኤች ኤል ኤች ኢ 41፣ ከ2014ቱ ደግሞ ሲ አይ ሲ የተባሉትን ውሰዱ። ከአራቱም የሚሠራው ፕሮቲን ሥራው አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ዲ ኤን ኤ ላይ ተቀምጦ ሌላውን ጂን ማሠራት ወይም ማስቆም ነው። እንግዲህ የደጋው ምስጢር በነዚህ አዛዦች ዘንድ ከሆነ፣ የአዛዡን ስም ማወቅ ብቻ አይበቃም። በየትኛው ጂን ደጃፍ፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንደሚቆም ማወቅ ያስፈልጋል። የዲ ኤን ኤን ፊደል ማንበብ ብቻውን ይህን አይነግረንም።

ስለ ኦክስጅን ማጠር ሲነሣ ዋናው አዛዥ ሂፍ የተባለው ፕሮቲን ነው። ሂፍ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ክፍል ኦክስጅን በበቂ ባለበት ሕዋስ ውስጥ ገና ከመሠራቱ ይፈርሳል፤ እኩሌታው ለመጥፋት አምስት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ኦክስጅን ሲያጥር ግን መፍረሱ ይቀርና ይከማቻል፤ ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ ከጓደኛው ጋር ይጣመርና በዲ ኤን ኤው ላይ ሲ፣ ጂ፣ ቲ፣ ጂ የሚሉ ፊደሎች ተከታትለው ያሉበትን ቦታ ይይዛል። ቀይ የደም ሕዋስ እንዲበዛ የሚያዘው የኤሪትሮፖየቲን ጂን ከነዚህ ቦታዎች አንዱ በአጠገቡ አለው። የዚህን አሠራር ያወቁት ግሬግ ሰመንዛ፣ ፒተር ራትክሊፍና ዊልያም ኬሊን በ2019 የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል።

ነገሩ እዚህ ላይ ይወሳሰባል። ያ አጭር የፊደል ቅንጅት በሰው ዲ ኤን ኤ ውስጥ በሚሊዮን ጊዜ ይገኛል፤ ሂፍ የሚይዘው ግን ከመቶ አንዱን እንኳ አይሆንም። የቀረው ወይ በክሮማቲን ተጠቅልሎ ተሰውሯል፣ ወይ ሲ በተባለችው ፊደል ላይ ሜቲል የሚባል ምልክት ተለጥፎ ሂፍ እንዳይቀመጥ ተከልክሏል፣ ወይም ቦታው በሌላ ምክንያት አልተመቸውም። ስለዚህ የሁለት ሰዎች ፊደል ፍጹም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሂፍ በአንዱ ላይ ተቀምጦ በሌላው ላይ ላይቀመጥ ይችላል። «ደሙ ነው» ያለውም «ልምዱ ነው» ያለውም ጓደኛችን፣ ሁለቱም እውነት ሊኖራቸው የሚችለው በዚህች ቦታ ነው።

ታዲያ መቀመጡ እንዴት ይታወቃል? አንደኛው ዘዴ ከሕዋሱ ውጭ የሚሠራ ነው። በ1981 ጀምሮ የታወቀው ይህ ዘዴ ፕሮቲኑንና አጭር የዲ ኤን ኤ ቁራጭን በብልቃጥ ቀላቅሎ በጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ ማስኬድ ነው። ብቻውን የሆነው ዲ ኤን ኤ ይቀድማል፤ ፕሮቲን የተሸከመው ወደ ኋላ ይቀራል። ሰመንዛና ዋንግ በ1992 ሂፍን ያገኙት በዚሁ ስለ ሆነ ዘዴው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ማን ከማን ጋር እንደሚገበያይ ለማወቅ የፈለገ ሰው፣ ሁለት ሰዎችን ከየቤታቸው ጠርቶ በአንድ ክፍል ቢዘጋባቸውና ሲነጋገሩ ቢሰማ፣ መነጋገር እንደሚችሉ አወቀ እንጂ በገበያው መካከል እንደ ተገናኙ አላወቀም።

ገበያውን እንዳለ ለማየት ገበያተኛው ሁሉ በቆመበት መያዝ አለበት። ይህን የሚያደርገው ፎርማልዲሃይድ ነው፤ ሐኪሞች የሥጋ ናሙና የሚያቆዩበት ፎርማሊን ማለት ነው። በ1985 ማርክ ሰለሞንና አሌክሳንደር ቫርሻቭስኪ ይህ ርካሽ ኬሚካል ፕሮቲንን ከዲ ኤን ኤ ጋር እንደሚያጣብቅ፣ ማጣበቂያውም በሙቀት መልሶ እንደሚለቅ ተጠቅመው የሕያው ሕዋስን ክሮማቲን ለማጥናት መንገድ ከፈቱ። ማጣበቁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባልጠቀመ ነበር፤ ሥራ የሚያሠራው መልሶ መልቀቁ ነው። ከዚህ የተነሣው ዘዴ ክሮማቲን ኢሚዩኖፕሬሲፒቴሽን ይባላል። ስሙ ስለሚረዝም ባለሙያዎቹ ራሳቸው «ቺፕ» ብለው አሳጥረውታል፤ እኔም እንዲሁ እላለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕያው ሕዋሶች ባሉበት ፈሳሽ ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ እስኪሆን ፎርማልዲሃይድ ይጨመርና 10 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ከዚያ ግላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ሲጨመር የተረፈውን ፎርማልዲሃይድ ይይዘዋል፤ ማጣበቁም ይቆማል። ሕዋሶቹ ታጥበው ይሰበራሉ። ዲ ኤን ኤው ከነተጣበቀው ፕሮቲን በኃይለኛ የድምፅ ሞገድ እየተመታ ከ200 እስከ 500 ፊደል ርዝመት ወዳላቸው ቁርጥራጮች ይከፋፈላል። ቀጥሎ የምንፈልገውን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚያውቅ አንቲቦዲ ይጨመራል፤ አንቲቦዲውን ደግሞ በማግኔት የሚሳቡ ጥቃቅን ዶቃዎች ይይዙታል። ማግኔቱን ከብልቃጡ ጎን ስናስጠጋ ዶቃው አንቲቦዲውን፣ አንቲቦዲው ፕሮቲኑን፣ ፕሮቲኑም ዲ ኤን ኤውን እየጎተተ ከብልቃጡ ጎን ይለጠፋል፤ የቀረው ይደፋል። ከብዙ እጥበት በኋላ በ65 ዲግሪ ሙቀት ሲያድር ማጣበቂያው ይለቃል፤ ፕሮቲኑም በኢንዛይም ይፈጫል። የሚቀረው ጥቂት ንጹሕ ዲ ኤን ኤ፣ ፕሮቲኑ በዚያች ሰዓት የት ቆሞ እንደ ነበር የሚመሰክር ነው። የተጠረጠረው ቦታ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ በፒ ሲ አር ይለካል፤ ሁሉንም ቦታ ማወቅ ከተፈለገ ቁርጥራጩ ሁሉ ይነበባል። ይህ ሁለተኛው መንገድ ከ2007 ጀምሮ ተስፋፍቷል። በ2011 የታተመ የእንግሊዝ አገር ጥናት በጡት ነቀርሳ ሕዋሶች ውስጥ ሂፍ የሚቀመጥባቸውን በመቶ የሚቆጠሩ ቦታዎች ያወጣው በዚሁ ነው።

በወረቀት ሲነበብ ቀላል ይመስላል። እኔ በእርሾ ሕዋስ ስለማመድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ፎርማልዲሃይዱን እንደ ጨመርሁ የምሳ ደወል ተደወለ። «ቶሎ እመለሳለሁ» ብዬ ሄጄ፣ ወሬው ይዞኝ ስመለስ አንድ ሰዓት ሙሉ አልፎ ነበር። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የማንም አይደለም። ሕዋሱ እንደ ቆዳ ጠንክሮ፣ በድምፅ ሞገድ ብመታው ብመታው አልቆረጥ አለ። በጄል ሳስኬደውም ዲ ኤን ኤው ከአፉ ሳይነቃነቅ ቀረ። የሦስት ሳምንት ሥራ በአንድ ምሳ ተበላ። ከዚያ ወዲህ የማንቂያ ሰዓት ሳልይዝ ፎርማልዲሃይድ አልነካም።

ከዚህ የከፋ ስሕተት ደግሞ አለ፤ ይኸውም ሳይታወቅ የሚያልፈው ነው። በ2013 በእርሾ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ ከዲ ኤን ኤ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለውን አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ወደ አስኳሉ አስገብተው በቺፕ ሲፈልጉት፣ በብርቱ በሚሠሩ ጂኖች ላይ ሁሉ የተቀመጠ መስሎ ተገኘ። ገበያው በተጨናነቀበት ቦታ አላፊ አግዳሚውም ተይዞ ይመሰክራል ማለት ነው። ስለዚህ ያለ ማመሳከሪያ የቀረበ የቺፕ ውጤት፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በበኩሌ አልቀበልም። አንቲቦዲውም ቢሆን ሻጩ እንዳለው መሆኑን በራሳችን ፈትነን እንጂ በዕቃው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አምነን መሥራት የለብንም። እንዲሁም ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ተቀምጦ የሚነሣ ፕሮቲን ፎርማልዲሃይዱ ሳይደርስበት ሊያመልጥ ይችላል።

ሌሎችም መንገዶች አሉ። ዳም አይዲ የተባለው በ2000 የወጣው ዘዴ፣ ፕሮቲኑ ባለፈበት ሁሉ በዲ ኤን ኤው ላይ ምልክት እንዲተው ያደርጋል፤ ነገር ግን አዲስ ጂን በሕዋሱ ውስጥ ማስገባት ስለሚጠይቅ በብልቃጥ ለሚያድግ ሕዋስ እንጂ ለሰው አይሆንም። በ2017 ፒተር ስኪንና ስቲቨን ሄኒኮፍ ያወጡት ለእኛ የበለጠ ይቀርበናል። ስሙን «ቆርጠህ ልቀቅ» ብንለው ያስኬዳል። በዚህ ዘዴ የሕዋሱ ቆዳ በስሱ ይበሳል፤ አንቲቦዲው ገብቶ ፕሮቲኑን ሲይዝ፣ ዲ ኤን ኤ የሚቆርጥ ኢንዛይም ከአንቲቦዲው ላይ ይጣበቃል። ካልሲየም ሲሰጠው ኢንዛይሙ ግራና ቀኙን ይቆርጥና ፕሮቲኑ የተቀመጠበት ቁራጭ ብቻ ተንሳፎ ይወጣል። የድምፅ ሞገዱ መሣሪያ አያስፈልግም። ቺፕ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዋስ ሲጠይቅ ይህ በመቶ ሺህ፣ አንዳንዴም ከዚያ በጣም ባነሰ ይሠራል። መሣሪያው ለጎደለው ቤተ ሙከራ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ አቀበቱ ልመለስ። አንድ የላስታ ሰው ደም ሰጠ እንበል። ደሙ በብልቃጥ ተዘግቶ፣ በመኪና ወርዶ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ ሩቅ አገር ይደርሳል። የዲ ኤን ኤው ፊደል በመንገድ አይለወጥም፤ እስከ ዛሬ የተነበበውም ያ ፊደል ነው። ሂፍ ግን እንዲህ አይደለም። ብልቃጡ አየር ካገኘ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይፈርሳል፤ በደንብ ከተዘጋ ደግሞ ሕዋሶቹ ያለችውን ኦክስጅን ጨርሰው በተራራው ላይ ያልነበረ ሂፍ ያከማቻሉ። ከሳምንት በኋላ በሌላ አገር የሚነበበው የብልቃጡ ሁኔታ እንጂ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሁኔታ አይሆንም። ገበያው ተበትኖ ካበቃ በኋላ የመጣ ፎቶግራፍ አንሺ ባዶ ሜዳ ያነሣል።

ስለዚህ ፎርማልዲሃይዱ ደሙ እንደ ወጣ እዚያው መጨመር አለበት። ለዚህም የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ፎርማሊን፣ ግላይሲን፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማዞሪያ፣ በረዶ የያዘ ሣጥንና የማንቂያ ሰዓት ነው። የታሰረው ሕዋስ ከታጠበ በኋላ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቢቀዘቅዝ ይቆያል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ከየት ይመጣል የሚል ቢኖር፣ የከብት አዳቃዮች አባለ ዘሩን የሚይዙበትን ጋን አላየም ማለት ነው። በ2020 ለኮቪድ ምርመራ በየክልሉ ላቦራቶሪዎች የገቡት የፒ ሲ አር መሣሪያዎችም፣ ጥቂት የተመረጡ ቦታዎችን ለመለካት የሚችሉ ናቸው። የሚያስቸግረን አንቲቦዲው ነው፤ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ መብራት በጠፋ ቁጥርም ያሳስባል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልናገር። ቀይ የደም ሕዋስ አስኳል ስለሌለው ከደም የምናገኘው ነጩን ሕዋስ ብቻ ነው። ኤሪትሮፖየቲንን በአብዛኛው የሚሠራው ደግሞ ኩላሊት ነው፤ የማንንም ኩላሊት አንነካም። ስለዚህ በነጭ ሕዋስ ውስጥ ሂፍ በሚታወቁት ደጃፎቹ፣ ለምሳሌ ፒ ዲ ኬ 1 በተባለው ጂን አጠገብ፣ ይቀመጥ እንደ ሆነና እንዳልሆነ እናውቃለን እንጂ «የደጋውን ምስጢር ፈታን» አንልም። ምናልባትም ደማቸው በኦክስጅን የተሞላ ስለ ሆነ ሂፍ ጭራሹን ላይገኝ ይችላል። ያም ቢሆን ውጤት ነው፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚያስደንቀው ውጤት እርሱ ይመስለኛል።

በዋሻው ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን የብዙ ሰዎች አፅም ያዩ አንዳንድ ጓደኞች፣ «የጥንቱን ሰው ለምን አንመረምርም?» ብለውኛል። በ2015 በጋሞ ደጋ ከሞጣ ዋሻ የወጣው የ4,500 ዓመት አፅም ዲ ኤን ኤ ተነቦ ዓለምን እንዳስደነቀ እውነት ነው። ከጥንት አጥንት የሜቲልን ምልክት እንኳ ለመገመት ተችሏል። ለጥቂት ሴኮንድ የተቀመጠ ፕሮቲን ግን ሕይወት ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። በይምርሐነ ክርስቶስ ያረፉት በክብር እንዳሉ ይረፉ፤ እኛ የምንጠይቀው ነገር ከሕያዋን እንጂ ከእነርሱ አይገኝም።

ሐሳቤ ይህ ነው። የአገሬውን ሰው ደም ከመንካታችን በፊት በራሳችን እንጀምር። በመካከላችን የላስታ ልጆች አሉ፣ ከ1,500 ሜትር በታች ያደጉ የቆቦ ልጆችም አሉ። ከሁለቱም ወገን ፈቃደኞች በቆቦ አንድ ጊዜ፣ በላስታ ደጋ ሁለት ሳምንት ቆይተው ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ፣ አሥር አሥር ሚሊሊትር ደም ይስጡ፤ ሕዋሱም በየቦታው ወዲያው ይታሰር። ያው ሰው በቆላና በደጋ ስለሚነጻጸር የልምዱ ድርሻ ከዘሩ ድርሻ መለየት ይጀምራል። ሰዎቹ ጥቂት ስለሚሆኑ ከዚህ የበለጠ አልናገርም። ይህ ሁሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ካየውና ከፈቀደ በኋላ ነው። ውጤቱም፣ አገኘንም አላገኘንም፣ መጀመሪያ የሚነገረው እዚያ እሳት ዳር ላሉት አባት እንዲሆን እጠይቃለሁ።

ማመልከቻውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ መምህራኖቻችን እንዲያርሙት አስረክቤአለሁ። የፈቃደኞች መመዝገቢያ በክበቡ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ከላስታ በኩል እስከ አሁን አራት ስም ተጽፎበታል፤ ከቆቦ በኩል ግን የዚያ ተከራካሪ ጓደኛችን ስም ብቻ ነው ያለው።